የአሮጌ መኪና ቀለምና የፊት መብራት፦ አጭር ታሪክና የቤት ውስጥ ዕድሳት

የአውቶሞቢል ታሪክ በአብዛኛው የተጻፈው የሞተር ታሪክ ሆኖ ነው። የሲሊንደሩ ቁጥር፣ የፈረስ ጉልበቱ፣ የፍጥነቱ ልክ በየመጽሐፉ ሲዘረዘር፣ ብረቱን ከዝናብና ከፀሐይ የሚከልለው ቀለምና በጨለማ መንገዱን የሚያሳየው መብራት ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋሉ። ዳሩ ግን የመኪና እርጅና በቅድሚያ የሚነበበው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። ሞተሩ ገና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮፋኖው ይገረጣል፤ ጣሪያው ይላጣል፤ የፊት መብራቱም የሞራ ግርዶሽ እንደያዘው ዓይን ይደበዝዛል።

ይህ ጉዳይ በአገራችን ከውበት ያለፈ ትርጉም ይዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎችን ለማስገባት የሚከፈለውን ግብር እጅግ ከፍ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። ስለዚህ ዛሬ በየግቢው ቆሞ የሚታየው አሮጌ መኪና ለብዙ ቤተሰብ በቀላሉ የሚተካ ንብረት አይደለም። ባለቤቱ እጁን ጠቅልሎ፣ ባልዲና የብርጭቆ ወረቀት ይዞ ሊያድሰው ቢነሣ የሚያስገርም አይሆንም። የሚያሳስበው ግን ዕድሳቱ ራሱ ጥፋት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ መሆኑ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመኪና ቀለምና የፊት መብራት ያለፉበትን መንገድ በአጭሩ አውስቶ፣ ከዚያ ታሪክ ለቤት ውስጥ ዕድሳት የሚገኘውን ትምህርት ለማኅበራችን አባላት ማቅረብ ነው። ፍሬ ነገሩ በአጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው፤ ባለፉት መቶ ዓመታት የመኪና ገጽ ከወፍራምና ደጋግሞ ከሚታደስ ልባስ ወደ ስስና ጠንካራ፣ ነገር ግን አንዴ ካለቀ ወደማይመለስ ልባስ ተሸጋግሯል። እንግዲያው አዳሹ መፈግፈግ ከመጀመሩ በፊት መኪናው የየትኛው ዘመን ልጅ እንደሆነ መለየት ይኖርበታል። ስለ ውጭ አገር ታሪክ በሚወሳበት ቦታ ሁሉ ዓመቶቹ የተጠቀሱት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሠረገላ ቀቢ እስከ ጥቁሩ ፎርድ

የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች በፈረስ የሚጎተተው ሠረገላ ወራሾች ነበሩ፤ ቀለማቸውም የሠረገላ ቀለም ነበር። ቀቢው ከተልባ ዘይትና ከዛፍ ሙጫ በተዘጋጀ ቨርኒሽ የተለወሰውን ቀለም በብሩሽ ይቀባል፤ ሲደርቅ በውሃና በደቃቅ ዱቄት ይፈገፍገዋል፤ ደግሞ ይቀባል። እንዲህ እያለ ብዙ ድርብ ይደራርባል። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ከአየር ኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ በመሆኑ ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ውጤቱ ዓይን የሚማርክ ሲሆን ዕድሜው ግን አጭር ነበር፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል፤ ቀለሙም ይለወጣል። የሠረገላ ባለቤት በየጊዜው ዳግመኛ ማስቀባት እንዳለበት አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነበር።

የጅምላ ምርት ሲመጣ ይህ ትዕግሥት የማይቻል ሆነ። የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና ከ1908 ጀምሮ በተለያየ ቀለም ይሠራ እንደነበረ ይታወቃል፤ ከ1914 እስከ 1925 ባለው ጊዜ ግን በጥቁር ብቻ ወጣ። የዚህ ምክንያት የባለቤቱ ግትርነት ብቻ ተደርጎ ሲወራ ይሰማል። እንደ እውነቱ ከሆነ፣ ሬንጅ መሰል የተፈጥሮ ማዕድን የተቀላቀለበት ጥቁሩ ቀለም ርካሽና ጠንካራ ነበር፤ በምድጃም ውስጥ ሊጋገር ይችል ነበር። ለጅምላ አምራቹ ወሳኝ የነበረው ይኸው ነው።

የ1923 ለውጥ

ታላቁ ለውጥ የመጣው ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ የኬሚካል ድርጅት ዱኮ ብሎ በሰየመው ላከር ነው። መሠረቱ ናይትሮሴሉሎስ ሲሆን፣ ይህም ለጭስ አልባ ባሩድና ለፊልም ጥሬ ዕቃ የሆነው ከጥጥ የሚገኝ ውሁድ ነው። በ1923 ከጄኔራል ሞተርስ ጋር በተደረገ ትብብር በኦክላንድ መኪና ላይ በሰማያዊ ቀለም ተቀብቶ ለገበያ ቀረበ። ላከር የሚደርቀው ከኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ሳይሆን የሚያሟሟው ፈሳሽ በመትነኑ ብቻ ነው። በመሆኑም ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ብሩሹም ቦታውን ለአየር መርጫ ለቀቀ።

የዚህ ለውጥ ውጤት ከፋብሪካው ግቢ አልፎ ሄዷል። መኪና በልዩ ልዩ ቀለም በርካሽ መቀባት ሲቻል፣ ገዢው በየዓመቱ አዲስ ገጽታ መጠበቅ ጀመረ። ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በሃርሊ ኧርል መሪነት የቅርጽና የቀለም ክፍል ማቋቋሙ ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ከመከላከያነቱ በተጨማሪ የመሸጫ ዘዴ ሆነ።

ለርዕሳችን ከሁሉ የሚጠቅመው የላከር ሌላ ጠባይ ነው። ላከር ከተቀባ በኋላ ወለል ያለ ገጽ እንዲኖረው መፈግፈግና መወልወል የግድ ነበር፤ በመሆኑም በወፍራሙ ይቀባል። ፀሐይ የላይኛውን ገጽ ስታገረጣው ባለቤቱ የሞተውን ስስ ሽፋን በመወልወያ ቅባት አንሥቶ ከሥር ያለውን ሕያው ቀለም ያወጣዋል። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተፎካካሪ ሆኖ የመጣው ሰው ሠራሹ ኢናሜልም፣ ምንም እንኳ የበለጠ ጠንካራና ከምድጃ እንደወጣ የሚያብረቀርቅ ቢሆን፣ ቀለሙ ከላይ እስከ ታች አንድ ወጥ ነበርና ይህንኑ ጠባይ ተጋርቷል።

የሰምና የጨርቅ ዘመን

የቤት ውስጥ የመኪና እንክብካቤ የተወለደው በዚህ ዘመን ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሲሞናይዝ የተባለው የመኪና ሰም በአሜሪካ እጅግ ከመታወቁ የተነሣ ስሙ ራሱ «በሰም መወልወል» የሚል ግስ ሆኖ ነበር። በ1941 ደግሞ ቤንጃሚን ኸርሽ የተባለ የቺካጎ ሰው በቤቱ የመታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ፈሳሽ መወልወያ እየቀመመ መሸጥ ጀመረ፤ ይህ ሥራ በኋላ ተርትል ዋክስ በሚል ስም ዓለም አቀፍ ድርጅት ለመሆን በቅቷል። በብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኘው ካርናውባ ሰም እስከ ዛሬ የተከበረ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መኪናን በደጅ አቁሞ መወልወል የመካከለኛው መደብ ልማድ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም። ቀለሙ ራሱ ይህን ይጠይቅ ነበር፤ ይፈቅድም ነበር። ብዙ ሰው ዛሬም «ደህና አድርጎ መፈግፈግ ነው» የሚለው ከዚያ ዘመን የወረሰውን እውቀት ይዞ ነው። እውቀቱ በጊዜው ትክክለኛ ነበር፤ የተለወጠው ቀለሙ ነው።

ሁለቱ ንብርብሮች

ብረታማ ብልጭታ ያለው ቀለም በገበያ እየተወደደ ሲሄድ አንድ ችግር ተከሰተ። ብልጭታውን የሚሰጡት ደቃቅ የአሉሚኒየም ቅንጣቶች ከገጹ አጠገብ ሲሆኑ አየርና ዝናብ ያጠቁሯቸዋል። መፍትሔው ቀለሙን በስሱ ቀብቶ ከላዩ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ልባስ መደረብ ሆነ። ይህ ቀለም ቀቢዎች ክሊር የሚሉት ልባስ ነው። ዘዴው በመጀመሪያ በአውሮፓ ብረታማ ቀለሞች ላይ ተሠርቶበት፣ በ1980ዎቹ ዓመታት በአሜሪካና በጃፓን መኪናዎች ላይ ተስፋፋ። ዛሬ ከሞላ ጎደል ሁሉም መኪና በዚሁ ዘዴ ይቀባል። ከሥሩም በ1960ዎቹ የተጀመረው፣ መላውን የመኪና አካል በገንዳ ውስጥ ነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የማልበስ ዘዴ ዝገትን በመከላከል ረገድ ታላቅ እርምጃ ሆኗል።

በቁጥር እንመልከተው። የፋብሪካ ቀለም ከብረቱ እስከ ላይኛው ገጽ በጠቅላላው ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። ከዚህ ውስጥ የክሊሩ ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ይህም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያነሰ መሆኑ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ የሚጠብቁት አልትራቫዮሌት ጨረርን የሚውጡ ውሁዶች የሚገኙት በዚሁ ስስ ልባስ ውስጥ ነው። ክሊሩ ሲሳሳ መከላከያው አብሮ ይቀንሳል። ልባሱ ተሟጥጦ ነጭ ቅርፊት እያበጀ መላጥ ከጀመረ ደግሞ ምንም ዓይነት ውልወላ አይመልሰውም።

ከካርባይድ እስከ ፖሊካርቦኔት

የፊት መብራትም ተመሳሳይ መንገድ ተጉዟል። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች በዘይት ፋኖስ ወይም በአሴቲሊን ጋዝ ይበሩ ነበር። አሴቲሊን የሚገኘው በካልሲየም ካርባይድ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ነውና፣ ነጂው ጉዞ ከመጀመሩ በፊት ካርባይዱን መሙላት፣ ውሃውን ማስተካከል፣ ከዚያም በክብሪት መለኮስ ነበረበት። ካዲላክ በ1912 ሞዴሉ ላይ የኤሌክትሪክ ማስነሻና የኤሌክትሪክ መብራት አዋሕዶ ካቀረበ ወዲህ ካርባይዱ ቀስ በቀስ ከመንገድ ወጣ።

በአሜሪካ ከ1940 ሞዴል ጀምሮ የመስታወቱ ገጽ፣ የብርሃን መላሹና የአምፑሉ ክር በአንድነት የታሸጉበት ክብ መብራት ደንብ ሆነ። ስፋቱ 7 ኢንች፣ ማለትም ወደ 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። የዚህ ሥርዓት ጉድለት የቅርጽ ነፃነትን መንፈጉ ነው። ጥቅሙ ግን ቀላል አልነበረም፤ ክሩ በተቃጠለ ቁጥር መብራቱ በሙሉ ስለሚለወጥ፣ መኪናው ምንም ያህል ቢያረጅ ዓይኑ አያረጅም። በአውሮፓ በአንጻሩ መስታወቱ ሳይነካ አምፑሉ ብቻ ይለወጥ ነበር፤ በ1962 ኤች 1 የተባለው ሃሎጅን አምፑል ሲመጣም ይህ ሥርዓት እጅግ ጠነከረ። በሁለቱም በኩል ግን ከፊት ያለው ገጽ ብርጭቆ ነበር። ብርጭቆ በጠጠር ይሰበራል፤ በአሸዋ ይፋቃል፤ በፀሐይ ግን ቢጫ አይሆንም።

ፖሊካርቦኔት የተባለው ፕላስቲክ በ1953 በጀርመን በኸርማን ሽኔል፣ በአሜሪካ ደግሞ በዳንኤል ፎክስ፣ አንዱ ስለ ሌላው ሳያውቅ ተገኘ። ቀላል፣ ጥርት ያለና በቀላሉ የማይሰበር ነው፤ በፈለጉት ቅርጽም ይወጣል። የነዳጅ ዋጋ መናር አምራቾችን ነፋስ ወደሚሰነጥቅ ቅርጽ ሲገፋቸው፣ የአሜሪካ መንግሥት በ1983 አምፑሉ ብቻ የሚለወጥ፣ ቅርጹ ከመኪናው ጋር የሚሄድ መብራት ፈቀደ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ የ1984 ሞዴል የሆነው ሊንከን ማርክ 7 ነበር። በአውሮፓም በ1990ዎቹ ዓመታት ፕላስቲኩ ብርጭቆውን እየተካ ሄደ።

ፖሊካርቦኔት ሁለት ድክመቶች አሉት። ገጹ ለስላሳ በመሆኑ በቀላሉ ይጫራል፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኘውም ሞለኪሉ እየተሰበረ፣ ከኦክሲጅን ጋር እየተዋሐደ ቢጫ ይሆናል። ስለዚህ ፋብሪካው ከላዩ ስስ፣ ጠንካራና ጨረር የሚከላከል ልባስ ያለብሰዋል። በዚህ ምክንያት የዛሬው የፊት መብራት ልክ እንደ ዛሬው ቀለም በዓይን በማይታይ አንድ ልባስ ላይ የቆመ ነው። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር በ2018 ይፋ ያደረገው ጥናት፣ የደበዘዘና ቢጫ የሆነ መብራት ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር የሚሰጠው ብርሃን 20 በመቶ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይቷል። በዕድሳት 70 በመቶ ገደማ ሊመለስ እንደሚችል፣ ሙሉ ብርሃን የሚገኘው ግን መብራቱን በአዲስ ኦሪጅናል በመለወጥ እንደሆነም ያው ጥናት አመልክቷል።

በአገራችን ያለው ሁኔታ

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። የጋራዥ ሙያ መዝገበ ቃላት ግን በይበልጥ የመጣው ከጣሊያኖች ነው፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የቆየው ወረራና ከዚያም በኋላ እዚሁ የቀሩት መካኒኮች ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ፍሬቻ፣ ስቱኮ፣ ባትላሜራ የሚሉትን ቃላት ትተውልናል። ከዚያ በኋላ የመጡት መኪናዎች ከጀርመን፣ ከፈረንሳይ፣ ከሶቪየት ኅብረት ወይም ከጃፓን ይምጡ እንጂ፣ ክፍሎቻቸው በጋራዥ ውስጥ የሚጠሩት እስከ ዛሬ በእነዚሁ ስሞች ነው።

በአሁኑ ጊዜ በመንገዳችን ላይ ሁለቱም ዘመናት ጎን ለጎን ይታያሉ። በአንድ በኩል ቮልስዋገን ቢትል፣ ፔዦ 404ና 504፣ ላዳ አሉ። እነዚህ በአብዛኛው አንድ ወጥ ቀለም የተቀቡ፣ የብርጭቆ መብራት ያላቸው ናቸው። ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራው ቢትል በሜክሲኮ የመጨረሻው መኪና በ2003 እስከወጣበት ቀን ድረስ ክብ የብርጭቆ ዓይኑን አልለወጠም። በሌላ በኩል በ1990ዎቹና ከዚያ ወዲህ የተሠሩት፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮችና ከሌላም ሥፍራ ያገለገሉ ሆነው የገቡት ቶዮታዎች ይገኛሉ። በ1999 በጃፓን ለገበያ የቀረበው ቪትዝ ለዚህ ትውልድ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቀለሙ ባለ ሁለት ንብርብር፣ መብራቱም ፕላስቲክ ነው። ለአንዱ የሚስማማው ዕድሳት ሌላውን ያጠፋዋል።

የአየር ጠባያችንም ለእነዚህ ልባሶች ምሕረት የለውም። አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ወደ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ያውም ለምድር ወገብ ቀረብ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ባሕረ ሰላጤ ላይ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሶ የመጣ ክሊር እዚህ የቀረውን ይጨርሳል። በዚህ ላይ የበጋው አቧራ ይታከላል። አቧራ ማለት ደቃቅ ድንጋይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። መኪናን በደረቅ ጨርቅ ማራገፍ፣ ወይም ሙሉ ቀን ጎማም ጣሪያም ሲታጠብበት በዋለ አንድ ባልዲና አንድ ጨርቅ ማሳጠብ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ብዙ የሚለይ አይደለም። በፀሐይ ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር የሚዞረው ጭረት የሚመጣው በአብዛኛው ከዚሁ ነው።

ታሪኩ ለቀለም አዳሹ የሚሰጠው ትምህርት

የመጀመሪያው ሥራ ቀለሙን መለየት ነው። በማይታይ ሥፍራ፣ ለምሳሌ በበሩ የታችኛው ጠርዝ ላይ፣ ጥቂት መወልወያ በነጭ ጨርቅ አድርጎ ማሸት ይበቃል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ፣ ቀለሙ የቀድሞው ዓይነት አንድ ወጥ ነው። ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ከቀረ ወይም የአቧራ ብቻ ዕድፍ ከያዘ፣ ከላይ ክሊር አለ ማለት ነው። ስቱኮ የተሞላበትን ቦታ ደግሞ በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያሳውቃል፤ ከብረቱ የራቀ ማግኔት አይይዝምና።

ሁለተኛው፣ ሳይታጠብ ምንም አለመንካት ነው። ሁለት ባልዲ ማዘጋጀት ያስፈልጋል፤ በአንዱ ለመኪና የተዘጋጀ ለስላሳ ሳሙና፣ በሌላው ጨርቁ የሚታለብበት ንጹሕ ውሃ። ከላይ ወደ ታች ማጠብ፣ ጎማውንና ቸርኬውን በሌላ ጨርቅ ለብቻ መያዝ፣ ሥራውንም በጥላ ሥር ማድረግ ይገባል። የልብስ ዱቄት ሳሙና ሰሙን ስለሚያነሣ አይመከርም። የዛፍ ሙጫና የወፍ ኩስ ሳይውሉ ሳያድሩ በውሃ ለስልሰው መነሣት አለባቸው።

ሦስተኛውና ዋናው፣ እያንዳንዱ ውልወላ ቅነሳ መሆኑን አለመርሳት ነው። የዛሬ ቀለም ጭረት «አይጠፋም»፤ ጠፋ የሚባለው በዙሪያው ያለው ክሊር እስከ ጭረቱ ጥልቀት ዝቅ ሲል ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚጀመረው በለሰለሰው መወልወያ በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ነው። ያ ካልበቃ ብቻ ወደ ሻካራው ይታለፋል። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዘው ጭረት በውልወላ አይደረስበትም፤ ቢተው ይሻላል። በኮፋኖውና በበሮቹ ማዕዘን ላይ ልባሱ ስስ ስለሆነ በማሽን ጠርዝ መንካት አይገባም። ሲጨረስ በሰም ወይም በሰው ሠራሽ መከላከያ መዝጋት ያስፈልጋል። አንድ ወጥ ቀለም ያለው የቀድሞ መኪና ለዚህ ሁሉ የበለጠ ትዕግሥት አለው። እርሱም ቢሆን ግን ወሰን የለውም ማለት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የተወለወለ ጣሪያ ከሥሩ አንቲረስቱን ማሳየት የጀመረበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ክሊሩ የላጠ ከሆነ ምክሩ አጭር ነው፤ የቤት ውስጥ ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ልባሱ ተፈግፍጎ እንደገና መቀባት አለበት፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው።

የፊት መብራት ዕድሳት

ስለ ቀለም የተባለው ስለ መብራት በይበልጥ ይሠራል፤ እዚህ ላይ የሚጎዳው ንብረት ብቻ አይደለምና። ከከተማ ወጣ ሲባል መንገዶቻችን በአብዛኛው ጨለማ ናቸው። በዳርቻቸው እግረኛ፣ ሸክም ያዘለ ሰው፣ የሚነዳ ከብት ይጓዛል። ከሚገባው ብርሃን አንድ አምስተኛውን ብቻ ይዞ የሚጓዝ መኪና እነዚህን የሚያያቸው እጅግ ዘግይቶ ነው።

በመጀመሪያ ድብዛዜው በየት በኩል እንደሆነ መመርመር ያስፈልጋል። ከውስጥ ጤዛ ከያዘ ማሸጊያው ተከፍቷል፤ ከኋላ ያለው ብርሃን መላሽ ከጠቆረም የፊቱን መወልወል ዋጋ የለውም። ድብዛዜው ከውጭ ከሆነ መብራቱ ይታጠባል፤ በዙሪያው ያለው ቀለም በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል። ከዚያም ውሃ በሚችል የብርጭቆ ወረቀት፣ ምንጊዜም እየረጠበ፣ ከሻካራ ወደ ለስላሳ መፈግፈግ ይጀመራል። እንደ ጉዳቱ መጠን ከ800 ቁጥር ተነሥቶ በ1500፣ በ2000፣ በ3000 መጨረስ ይቻላል። ክፉኛ ቢጫ የሆነ መብራት ከ600 መጀመርን ሊጠይቅ ይችላል። እያንዳንዱ ቁጥር የቀድሞውን ጭረት ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አለበት። ወጥ የሆነ ወተት መሰል ገጽ ሲገኝ በመወልወያ ማጥራት ይከተላል።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱም ይኸው ነው። የፈገፈገው ቢጫውን ብቻ ሳይሆን ከፋብሪካው ልባስ የቀረውንም አንሥቷል። ፖሊካርቦኔቱ አሁን ራቁቱን ነው። አዲስ ጨረር ተከላካይ ልባስ ካልለበሰ በጥቂት ወራት ውስጥ ከቀድሞው ብሶ ይደበዝዛል። ስለዚህ ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ልባስ ማግኘት ካልተቻለ ሥራውን አለመጀመር ይመረጣል። የጥርስ ሳሙና ደቃቅ መፈግፈጊያ ስላለው ለጊዜው ያጠራል፤ መከላከያ ግን አይሰጥም። ትንኝ የሚያባርሩ ቅባቶች፣ ቲነርና አሴቶን ደግሞ የፕላስቲኩን ገጽ ያሟሟሉ ወይም ያሰነጣጥቃሉ። ለአንድ ሳምንት የሚያብረቀርቅ መብራት ከስንጥቅ ጋር ይተዋሉ።

ሥራው ሲጠናቀቅ መኪናውን በደልዳላ ሥፍራ ከግድግዳ ፊት አቁሞ የሁለቱን መብራቶች አቅጣጫ ማስተያየት ተገቢ ነው። ለሃሎጅን በተሠራ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ አምፑል መክተት ብርሃኑን ይበትነዋል፤ ነጂው የበራለት ቢመስለውም ከፊት የሚመጣውን ያሳውረዋል። የብርጭቆ መብራት ላላቸው የቀድሞ መኪናዎች ነገሩ ቀላል ነው። መስታወቱ ይታጠባል፤ የዛገ መላሽ ይለወጣል፤ የገመዱና የመሬት መስመሩ ንጽሕና ይታያል። በእነዚህ መኪናዎች ላይ መብራቱን የሚያደክመው ብዙ ጊዜ የዛገ መጋጠሚያ ነው።

የሠራተኛው ጤንነት

በየጊዜው ችላ የሚባለውን ይህን ነጥብ ሳናነሣ ማለፍ ለማኅበራችን አይገባም። በቀድሞ መኪናዎች ላይ የሚገኙት ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴ ቀለሞች የእርሳስ ውሁድ ሊኖርባቸው ይችላል። በደረቁ ሲፈገፈጉ አቧራው ወደ ሳንባ ይገባል፤ በግቢው አፈር ላይ አርፎም ሕፃናት ይነካሉ። በውሃ እያረጠቡ መሥራት፣ ጭቃውንም ሰብስቦ ማስወገድ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚረጨው የዛሬው ክሊር የባሰ ነገር አለው። በውስጡ ያለው አይሶሳያኔት የተባለው ውሁድ በሥራ ላይ ለሚመጣ አስም ከታወቁት ምክንያቶች አንዱ ነው። አንዴ አካሉ የተቆጣበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ቢያሸትም ይታመማል። የጨርቅ ወይም የወረቀት መሸፈኛ ይህን አያግድም። በየጋራዡ ሸራ ወጥሮ፣ አፉን በጨርቅ አስሮ የሚረጨው ወጣት የሚከፍለውን ዋጋ የሚያየው ከዓመታት በኋላ ነው። መኪናን በቤት ውስጥ ማደስ የሚፈልግ ሰው መርጨቱን ለተገቢው ሥፍራ ትቶ በማጠብ፣ በመወልወልና መብራትን በማጥራት ቢወሰን ይመረጣል። የጋራዥ ባለቤት የሆኑ ባልደረቦቻችን ደግሞ ንጹሕ አየር የሚያቀርብ መተንፈሻ ለሠራተኞቻቸው ማሟላት ግዴታቸው ነው።

የሠረገላው ዘመን ቀቢ ልባሱ እንደሚያልቅ ያውቅ ስለነበር በየጊዜው ይቀባ ነበር። በላከር ዘመን የነበረው የመኪና ባለቤት በወፍራሙ ቀለም ላይ ተማምኖ በየቅዳሜው ይወለውል ነበር። የእኛ ዘመን መኪና ባለቤት ግን የተሰጠው ከፀጉር የቀጠነ አንድ ልባስ ነው፤ የሚፈለግበትም ያንኑ ቆጥቦ መጠቀም ነው። የቀለም ውፍረት መለኪያ መሣሪያ በእያንዳንዱ ባለሙያ እጅ ቢኖር፣ የመብራት ጥራትም በዓመታዊው ምርመራ ላይ እንደ ፍሬንና እንደ ጎማ በቁጥር ቢለካ፣ ከዚህ ቁጠባ የሚገኘው ጥቅም ከባለመኪናው አልፎ በጨለማ መንገድ ዳር ለሚሄደው እግረኛ ይደርሳል። ይህን በየመሥሪያ ቤቱና በየጋራዡ ማስጀመር ከማኅበራችን አባላት የሚጠበቅ ነው።